ሊጠቀልሉ የዘመቱት ፕሬዚዳንት

አንድ ፕሬዚዳንት ጎረቤት አገርን ሊጠቀልሉ ጦር አስከትለው ዘመቱ። ሳምንት ሳይሞላቸው ግን አንድ እግር ጫማቸውን ማዶ ጥለው፣ ከወታደሮቻቸው ቀድመው እየሮጡ ተመለሱ። ሕዝቡ ሳቁን ዋጥ አድርጎ በጭብጨባ ሲቀበላቸው፣ አንዲት ምላሰኛ ቆሎ ሻጭ ሳቋ አመለጣት።

ፕሬዚዳንቱ በቁጣ አስጠሯት። "ምን ያስቅሻል? እዚሁ ሕዝብ ፊት ተናገሪ! ጠቅልያለሁ ወይስ አልጠቀለልኩም? አልጠቀለሉም ካልሽ ዛሬውኑ ወህኒ ትወርጃለሽ!"

ሴትዮዋ ዋሽታ እንደማታውቅ የሚያውቀው ሕዝብ ፈራላት። እሷ ግን ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች።

"ኧረ ጌታዬ፣ አልጠቀለሉም የሚል ማን ነው?" አለች።

ፕሬዚዳንቱ ደስ አላቸውና "በይ ጮክ ብለሽ ንገሪያቸው!" አሏት።

ወደ ሕዝቡ ዞራ ጮኸች፦ "እልል በሉ እንጂ! ፕሬዚዳንታችን ጠቅልለው አገራቸው ገብተዋል! ከእንግዲህ ወደዚያ ዝር አይሉም!"