ትንሽ የቀራት ብስክሌት

ወገኖቼ፣ ዛሬ ስለ አንድ ሰውና ስለ አንዲት ብስክሌት ላጫውታችሁ። ትልቅ ታሪክ አይደለም። ተአምር የለበትም፤ የሞተም የተነሣም የለም። ግን ጆሯችሁን ስጡኝ።

አንድ ሰው ነበረ፣ ባሕር ዳር ውስጥ በርና መስኮት እየበየደ የሚኖር። ስሙን ይበልጣል እንበለው። ከሚስቱ ጋር አልተስማሙም። ሽማግሌ ገባ፣ ሽማግሌ ወጣ፣ አልሆነም፤ ተለያዩ። እናት ልጇን ይዛ ዓባይ ማዶ ቤት ተከራየች። ዓባይ ማዶ የት ነው? ድልድዩን መሻገር ብቻ ነው፣ በእግር የሚኬድ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ሩቅ አገር አልሄደችም። አትምጣብኝ ያለውም የለም።

ልጅቱ ማስተዋል ትባላለች። ያኔ ገና ጥርሷን የምትቀይር ሕፃን ነበረች። ዕቃው ጋሪ ላይ ሲጫን አባቷ በሩ ላይ ቁጢጥ ብሎ «ብስክሌት ይዤልሽ እመጣለሁ፤ እኔው ራሴ ከኋላ ይዤ አስተምርሻለሁ» አላት። እሷም አመነችው። ልጅ አባቱን ካላመነ ማንን ያምናል?

እሱም አልዋሸም። ብዙ ሳይቆይ ገዛላት። ድስቱም፣ ብርድ ልብሱም፣ የፕላስቲክ ወንበሩም አንድ ጣሪያ ሥር ከሚሸጥበት መደብር፣ ከሁሉ ርካሿን፣ ሮዝ የተቀባችውን አንሥቶ መጣ። አቅሙ የፈቀደው እሷን ነበር። ቤት አምጥቶ ሲሞክራት ግን ቅር አለው። ጎማዋ ሲዞር ይወላገዳል። ፍሬኗ ይጮኻል እንጂ አይዝም። ካቴናዋ ገና ሳትሄድ ይወልቃል። የበያጅ ዓይን ደግሞ ክፉ ነው፤ ጠማማ ነገር አይቶ አያልፍም። ይቺን ይዤማ ልጄ ፊት አልቆምም አለ።

ታዲያ ባዶ እጁን ይሂድ? እናንተው ታውቁታላችሁ። በእኛ ዘንድ እጅን እያወዛወዙ ሰው ቤት መግባት ያሳፍራል። ጎረቤት ለመጠየቅ እንኳ አንድ ኪሎ ሙዝ ይያዛል። አባት፣ ያውም ተለይቶ የሚኖር አባት፣ ልጁ ጋ በምን ፊቱ ባዶውን ይሂድ?

ስለዚህ ብስክሌቷን ፈታት። የጎማዋን ሽቦዎች እየወጠረና እያላላ አቀናው። ኩሽኔታዋን አውጥቶ በናፍጣ አጠበ፣ አዲስ ግራሶ ሞላው። ፍሬኗን ቀየረ። ድንጋይ የመሰለውን ኮርቻ ጥሎ ለስላሳ ኮርቻ ገዛ፤ የኮርቻውን ፕላስቲክ ግን አልገነጠለም፣ ማስተዋል ራሷ እንድትገነጥለው ብሎ። ሮዙን ፍቆ ቢጫ ቀባት፤ ልጅቱ ቢጫ ትወድ ነበርና። ስሟንም ከቀጭን ላሜራ ቆርጦ ከመሪው ሥር በየደው። ወገኖቼ፣ ያ ሁሉ ፍቅር ነው። ፍቅር አልነበረም አልላችሁም።

በበዓል በበዓል ይደውልላታል። መቼ ነው የምትመጣው ትለዋለች። «ትንሽ ቀራት፣ የኔ እናት» ይላታል።

በፋሲካ ትንሽ ቀራት። በመስቀል ትንሽ ቀራት። ክረምት ይገባል፣ እርጥበቱ ካቴናዋን ያዝገዋል፣ እንደገና ይፈታታል። አሁንም ትንሽ ቀራት። ቤቱን የሚያከራዩት እትዬ ውዴ በጓሮ ባለፉ ቁጥር «አንተ፣ ይቺ ብስክሌት ልትዳር ነው እንዴ?» እያሉ ይቀልዱበታል። እሱም ይስቃል። እሳቸው ሲገቡ ግን ጎማዋን በእጁ ያሽከረክርና ቁጭ ብሎ ያዳምጣል። ያኔ ይታየዋል፤ ጎንበስ ብሎ ኮርቻውን ይዞ ሲሮጥ፣ እሷ «እንዳትለቀኝ» ስትል፣ እሱ «ይዤሻለሁ» ሲላት። ይቺ ብቻ ነበረች የሕይወቱ ምኞት። ልጁ ድልድይ ማዶ ሆና እንዲህ ናፈቀችው፣ እስኪያመው ድረስ ናፈቀችው።

ከዚያ ማስተዋል መጠየቋን ተወች። ሲደውል ስለ ትምህርቷ ትነግረዋለች፣ ጤናውን ትጠይቀዋለች፤ ብስክሌት የሚል ቃል ግን ከአፏ አይወጣም። እሱ ልጄ ጨዋ ሆነች ብሎ ደስ አለው። ምስኪን።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እንደ ልማዱ መፍቻውን ይዞ ጓሮ ወጣ። ጎማዋን አዞረ፤ ቀጥ ብሎ ዞረ። ፍሬኗን ጨበጠ፤ ያዘ። ካቴናዋን ነካ፤ ልክ ነው። ከላይ እስከ ታች ፈለገ፤ የሚጠገን ነገር አጣ። ደስ ሊለው ሲገባ ፈራ። አያችሁት? እስከዚያ ቀን ትንሽ የቀራት ብስክሌቷ ብትሆን ኖሮ ለምን ይፈራል?

ሆኖም ሄደ። አቧራ እንዳይነካት ቀስ ብሎ እየገፋ፣ በየመንገዱ እየቆመ በመሐረቡ እየወለወለ ድልድዩን ተሻገረ። ቤቱን በስልክ ጠይቆ አገኘና አንኳኳ። አንዲት ረዘም ያለች ልጃገረድ ከፈተችለት።

«ማስተዋል አለች?» አላት።

ልጅቱ አየችው። «እኔ ነኝ፣ አባዬ» አለችው።

ወገኖቼ፣ ይህን ሰው ምን ብላችሁ ታጽናኑታላችሁ? ብስክሌቷን ከነብሎኗ ያውቃታል፤ ልጁን ግን በሩ ላይ ጠየቃት።

ቢጫዋ ብስክሌት በመካከላቸው ቆማለች፣ ከልጅቱ ወገብ በታች። ኮርቻዋ የመጨረሻውን ከፍ ቢል እንኳ አይበቃትም። ሲቸግረው ላስተምርሽ ብዬ ነበር አላት። እሷም እንዳይከፋው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሰፈራቸው ሜዳ ላይ በሚከራየው ብስክሌት ድሮ መማሯን ነገረችው። ፍሬን የሌለው አሮጌ ነበር አለችው። ማን ያዘሽ አላት። የጎረቤት ሰው አለችው። ይበልጣል ያን ጊዜ አለቀሰ። ለዓመታት ሲመኛት የኖረችውን ያቺን ሩጫ ሌላ ሰው ሮጧታል፤ ያውም በዛገ ብስክሌት።

ማስተዋል ምን አደረገች? ስሟን በጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ እግሯን አሻግራ ተቀመጠች። ጉልበቷ መሪውን ይነካል፤ ፕላስቲኩ ከሥሯ ተንኮሻኮሸ።

«ያዘኝ» አለችው።

«ትችዪ የለም እንዴ?»

«እችላለሁ። አንተ ያዘኝ።»

ያዛት። መንደሩ እያየ፣ ሴት ያከለች ልጅ በሕፃን ብስክሌት ላይ፣ ሽበት የጀመረው ሰው ጎንበስ ብሎ ከኋላ እየሮጠ። የሳቀም ነበረ። እነሱ አልሰሙም።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። የእናንተ ጓሮ ውስጥ ምን ተፈታቶ ተቀምጧል? «ቤቱን ልጨርስና እናቴን አመጣታለሁ» ያላችሁ የላችሁም? «ኑሮዬ ይደርጅና ወንድሜን ይቅርታ እጠይቃለሁ» ያላችሁስ? ቤቱ ያልቃል፤ እናት ግን እስከዚያ ደጁን እያየች ታረጃለች። እሷ መቼ ሳሎን ጠየቀቻችሁ? እናንተን ነው የጠየቀችው።

ከእግዚአብሔርስ ጋር? «ትንሽ ልስተካከልና ንስሐ እገባለሁ» ትላላችሁ። ይቺን ጠባዬን ላርም፣ ይቺን ልማዴን ልተው፣ ከዚያ እመጣለሁ። ትንሽ ቀራት፤ በፋሲካም ትንሽ ቀራት፣ በመስቀልም ትንሽ ቀራት። ልጆቼ፣ አባታችሁ ቢጫ ቀለም አላዘዛችሁም። ጠማማውን ጎማ የሚያቀናው እሱ ነው፤ እናንተ ብቻ ይዛችሁት ኑ። ብስክሌቱም ከሌለ ዝም ብላችሁ ኑ።

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ የሚጠብቃችሁ ሰው ጋ ሂዱ። ምን ይዤ ልሂድ አትበሉ። ይበልጣል በመጨረሻ ልጁን የያዛት በምኑ ነበር? ይዤው አልሄድም ብሎ ባፈረበት፣ በዚያ በባዶ እጁ ነው።

ዓባይ ማዶ ቅርብ ነው።