የደባልቄ ሦስት መርፌ

ሰው ጉንፋኑን ደብቆ ድንገት ሲያስነጥስ በሣቅ የሚወረወርበት አንድ አባባል አለ። እኔ አልሥቅም። መነሻውን ከአያቴ ሰምቼዋለሁና አባባሉ በተነሣ ቁጥር ይታክቱ ትታወሰኛለች። አያቴ ቃሬዛዋን ከተሸከሙት አንዱ ነበሩ።

ይታክቱ የበርበሬ ነጋዴው የደባልቄ ሚስት ናት። ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም ሞተው ተወለዱ። ለመጀመሪያው ልጅ ያሰፋችው አንቀልባ፣ ዛጎሉ እንደተደረደረበት፣ ከግድግዳው አልወረደም። ሰዉ «ዓይን ነው» አላት፤ ጠበል ተጠመቀች፣ ክታብ አሰረች። ደባልቄም አብሮ «ዓይን ነው» ይል ነበር። እውነቱን ግን ያውቃል።

ገና የመጀመሪያውን ሳታረግዝ ደባልቄን በንግድ ሲዞር ቂጥኝ ይዞት ነበር። እንዳይታወቅበት ግማሽ ቀን ተጉዞ ቅዳሜ ገበያ ካለው ድሬሰር ዘንድ ሄደና በሌላ ሰው ስም ተመዘገበ።

«ሚስት አለህ?» አለው ድሬሰሩ፣ መርፌውን እያዘጋጀ።

«የለኝም።»

«ካለችህ አምጣት። ሁለታችሁም አንድ ላይ ካልታከማችሁ እየተመላለሰ ይይዛችኋል። እስክትድኑ አትቅረባት፤ ልጅም የምታስቡት ከዚያ ወዲያ ነው። ያለዚያ ጽንሱን ይጎዳባችኋል።»

«የለኝም አልኩህ እኮ፣ ጌታው።»

ተወግቶ ዳነና ቤቱ ገባ። ይታክቱ ግን አስቀድማ ከሱ ተይዛ ነበርና በሽታው ተመልሶ ያዘው። እንደገና ሄደ፤ እንደገና «የለኝም» አለ። ለምን ብትሉ፣ አማቶቼ ምን ይሉኛል፣ ማኅበርተኛው ምን ይለኛል ብሎ ነው። ይሄ ይሉኝታ የሚሉት ነገር ስንቱን ቤት እንደዘጋ እሱ አንድዬ ይወቀው።

ሦስተኛውን መርፌ በተወጋ በወሩ፣ ይታክቱ ሦስተኛ ልጇን አርግዛ ስምንት ወር ሲሆናት ደም ይፈሳት ጀመር። ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሟት ወደ ቅዳሜ ገበያ ገሰገሰ። አጎቷ አለቃ ገረመው ከፊት ሆነው ይመራሉ፤ ደባልቄ ከኋላ ይጎተታል።

ሕፃኑ ሞቶ ወጣ። ድሬሰሩ እጁን ታጥቦ ብቅ ሲል ደባልቄን ከበሩ ላይ አየው።

«አንተ ደግሞ ዛሬም አመመህ?»

ደባልቄ አቀረቀረ።

«ባሏ እኮ ነው» አሉ አለቃ ገረመው።

ድሬሰሩ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። «ሦስት ጊዜ ጠየቅሁት፤ ሦስቱንም ጊዜ ሚስት የለኝም አለኝ» አለ። በመጀመሪያው ቀን ይዟት ቢመጣ ልጆቹ ሊተርፉ ይችሉ እንደነበር፣ አሁን በሽታው በመርፌ ቢለቃትም ማሕፀኗ ክፉኛ ስለተጎዳ ከእንግዲህ እንደማትወልድ አንድም ሳያስቀር ነገራቸው።

በሩ ክፍት ነበርና ይታክቱ ሁሉንም ሰምታለች።

«ዓይን ነው ስትለኝ አምኜህ ነበር» አለችው ደባልቄን። ከዚያ ፊቷን ወደ አጎቷ መለሰች። «አለቃ፣ እኔ ቤት ሳልገባ በፊት ያንን አንቀልባ ከግድግዳው ያውርዱልኝ። እንዳላየው።»

እዚያ ቆሞ የነበረው ሁሉ አለቀሰ። ደባልቄ ብቻ ነው ወደ አለቃ ዞሮ የተናገረው።

«እንዳትጠላኝ ብዬ ነው። እኔስ ብሆን መች ዳንኩ? ሦስት ጊዜ ተወግቼ ይኸው ዛሬም እንዳመመኝ ነው። መድኃኒቱ አልሠራልኝም።»

አለቃ ገረመው የሞተውን ሕፃን በነጠላቸው ጠቅልለው ታቀፉና፣ የደባልቄን ፊት ሳያዩ፣ «እንዴት ይሥራልህ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አሉት።