ብርድ የጠላችው ስንዴና ጋሽ ከልክለው

በሉ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ድሮ ድሮ፣ እህል ሁሉ አፍ አውጥቶ በሚያወራበት ዘመን፣ ውርጭ በሚበዛበት ደጋ አንዲት ስንዴ ነበረች። የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አብቦ ማፍራት። ሳታፈራ ከደረቀች ዘሯ በእሷ ያበቃል።

በስንዴዋ ሆድ ውስጥ የአበባ በር አለ። በሩ ላይ ዘበኛ ተጎልቷል። ሊቃውንቱ ፕሮቲን ይሉታል፤ እኛ ግን ጋሽ ከልክለው እንበላቸው፤ ሥራቸው መከልከል ነውና።

አንድ ማለዳ ስንዴዋ እየተንቀጠቀጠች ወደ ውስጧ ተጣራች።

«ጋሽ ከልክለው፣ በሩን ይክፈቱልኝ!»

«አይከፈትም፣ ልጄ።»

«ለምን?»

«አሁን ብታብቢ ውርጩ ይለበልብሻል። አርፈሽ ተቀመጪ።»

ጎረቤቷ ባቄላ ይህን ሰምታ ከት ብላ ሳቀች። ባቄላ ትንሽ ሞቅ ካላት አበባዋን ዘርግታ መኩራራት ነው። «እቴ፣ እኔን እዪኝ! አንቺማ ገና ሣር ነሽ» አለቻት።

ስንዴዋ አንጀቷ አረረ። «ይህ ሁሉ በብርዱ ነው፤ እሱ ከሄደ ዘበኛውም ይነሳል» አለችና ቀና ብላ ለመነች።

«እትዬ ደመና፣ በብርድ አለቅሁ! እንደ ጋቢ ሸፈን ያድርጉኝ።»

እትዬ ደመና ደግ ናቸው፤ መጥተው ሸፈኗት። ስንዴዋ ሞቃት፣ እፎይ አለች፣ ሁለተኛ ተጣራች።

«ጋሽ ከልክለው፣ አሁንስ?»

«አይከፈትም፣ ልጄ።»

ከጎናቸው አንዲት ሴት እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል።

«እርስዎ ደግሞ ማን ነዎት?»

«ጣፈጡ እባላለሁ፣ ኢንዛይም ነኝ። ሥራዬ ጋሽ ከልክለው ላይ ስኳር መለጠፍ ነው። ያ እዚያ የቆመው ምራው የሚባል ሌላ ፕሮቲን ነው፤ እሱ በስኳሩ ይዞ ከበሩ ያነሳቸዋል፤ ስኳር የሌለውን አይነካም። እኔ ግን የምሠራው ሲበርድ ነው፤ ለዚያውም ብዙ ሳምንት ይፈጅብኛል። አንቺ አሞቅሽኝና እጄ ተሳሰረ።»

ስንዴዋ ክው አለች። ለካ በሩን የሚያስከፍተው ያ የጠላችው ብርድ ኖሯል!

«እትዬ ደመና፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ አሁን ይሂዱልኝ።»

«ትቀዘቅዣለሽ እኮ!»

«ልቀዝቅዝ!»

እትዬ ደመና ሄዱ፤ ውርጩ ወረደ። የባቄላ አበባ ጠቁሮ ረገፈ። ስንዴዋ ጥርሷን ነክሳ ቻለች። ጣፈጡ ስኳር ይለጥፋሉ፣ ጋሽ ከልክለው ያጉረመርማሉ። ይለጥፋሉ፣ ያጉረመርማሉ።

ብርዱ አለፈ፤ ቀኑም ረዘመ። ስንዴዋ ሦስተኛ ተጣራች።

«ጋሽ ከልክለው!»

ጋሽ ከልክለው በሩ ላይ የሉም። ምራው ወስዶ ጥግ አስቀምጧቸው፣ ጣታቸውን እየላሱ ነው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

ስንዴዋ ዛላዋን አወጣች፤ አበበች፤ አፈራች። ደስታዋ ልክ አልነበረውም። ባቄላም ከሥሯ እንደገና አቆጥቁጣ ነበርና፣ «እቴ፣ እንዴት ቻልሽው?» አለቻት።

«ባልችለው ኖሮ ገና ሣር ነበርኩ» አለች ስንዴዋ፣ ፍሬዋ አስጎንብሷት።

ተረቴ ይኸው ነው። እናንተም በር የዘጋባችሁን ሁሉ ለመርገም አትቸኩሉ፤ ቀናችሁ እስኪደርስ እናንተኑ እየጠበቀ ይሆናል።