የገብስ ማሳው ምስክርነት

ጥንት፣ በስኮትላንድ አገር፣ ወንድም ወንድሙን በሚወጋበት የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን፣ ምላሷ እንደ ምላጭ የተሳለ አንዲት የገበሬ ሚስት ነበረች። አንድ ማለዳ ሁለት ጦር መጥቶ በገብስ ማሳዋ ግራና ቀኝ ተሰለፈ። ሁለቱም ፕሬስቢቴሪያን የሚባሉ ፕሮቴስታንቶች ናቸው፤ መጽሐፋቸው አንድ፣ መዝሙራቸው አንድ። የተጣሉት አንደኛው ወገን "ለንጉሡ እንዝመት" ሲል ሌላው "አንዘምትም" በማለቱ ነው። ሴትዮዋ ከድንጋይ ካቡ ሥር ከባሏ ጋር ተሸሽጋ የሁለቱንም ጦር ሰባኪዎች ጸሎት ሰማች። ከዚያ ጦሩ ተጋጠመ።

ከቀትር በኋላ፣ አሸናፊው ኮሎኔል ኒኒያን ድሉ የእግዚአብሔር ለመሆኑ ምስክር ፈልጎ መንደርተኛውን ሰበሰበ። ሴትዮዋንም ወደ ፊት ጠራት።

"ጠዋት የሁለታችንንም ጸሎት ሰምተሻል አሉ። እግዚአብሔር የማንን ሰማ? የእነሱን ካልሽ ከሃዲ ነሽና ትሰቀያለሽ። የእኛን ካልሽ ደግሞ እግዚአብሔር ከእኛ ጋር መሆኑን አምነሻልና ባልሽ ነገ ከእኛ ጋር ይዘምታል።"

ባሏ አጠገቧ ቆሟል። እሷ ወደ ማሳዋ ዞር ብላ አየች። ከሬሳው ብዛት ገብሱ አይታይም።

"ጌታዬ፣" አለች፣ "የእርስዎ ሰባኪ 'አምላክ ሆይ፣ እነዚያን እጨዳቸው' ሲል ሰምቻለሁ። የእነሱም ሰባኪ ስለ እናንተ ያንኑ ሲለምን ሰምቻለሁ። ማሳውን ይመልከቱት፤ እግዚአብሔር የሁለታችሁንም ሰምቷል።"

ከኋላ የቆመ አንድ ወታደር ልማድ ሆኖበት "አሜን" አለ።

ኮሎኔሉ ፈረሱን አዞረ። ባልየውም አልዘመተም።