የአንጓች የመዳኛ ነጠላ

ደምመላሽ የሚባል ሰው በአንድ ወቅት የገዛ እህቱን አንጓችን በመጫኛ አሰራት። የበደሏት ብዙ ናቸው፤ ስም ሲጠራ ግን የእሱ ይቀድማል።

አንጓች ሐይቅ ዳር ካሉት ፈታዮች ሁሉ የምትበልጥ ነበረች። አንድ በጋ እንቅልፍ ጥሏት ሄደ። አልበላች፣ አልተኛች፣ አልደከማትም። ሐይቁ በእናቷ ድምፅ ይጠራት ጀመር፤ የነካችው ጥጥ ሁሉ ብርሃን ሆነ። አንድ ማለዳ እንዝርቷን ይዛ፣ «ፀሐይቱ ወድቃለች፣ በፈትል ልሳባት» እያለች ውሃው ውስጥ ገባች። አንገቷ ድረስ።

ደምመላሽ ዘሎ ገብቶ ጎተታት። ነከሰችው። ያኔ ነው በመጫኛ ጠፍሮ፣ አገር እያየ፣ ከተማ ሆስፒታል የወሰዳት።

«ፍታኝ አንተ!»

«ብፈታሽ ትሰምጫለሽ።»

መርፌ ወጓት። የሐይቁ ድምፅ እንደ ሩቅ ደወል እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ጠፋ። መርፌው መንጋጋዋን አገተረው፤ ለዚያም ማስለቀቂያ መድኃኒት ሰጧት። የገመዱ ሰንበር ግን ማስለቀቂያ የለውም።

ስትወጣ ስሜት የሚያረጋጋ ክኒን ታዘዘላት። ሐኪሙ ባሏን ዋሴን፣ «ውሃና ጨው እንዳይጎድላት፤ ደሟም በየጊዜው ይታይ» አለው። ባሏን! የምትውጠው ሴት እኮ እዚያው በር ላይ ተቀምጣለች።

አንጓች፣ «ሐይቁን የሚያፍንብኝን አልውጥም» አለች። ዋሴ ለመነ፣ አለቀሰ። በመጨረሻ ክኒኑን እየፈጨ ማታ ማታ በማር ያልሳት ጀመር። እንቅልፍ እንደ ጠፋ ከብት ቀስ ብሎ በራሱ ገባ፤ ሳቋም ተከተለው።

«አየህ? ያለ መድኃኒት ዳንኩ!»

«አዎ፣ የኔ ዓለም» ይላል ዋሴ፣ መሬት መሬት እያየ። ምስጢሩን የምታውቅ አብራት የምትፈትል ጎረቤቷ ምጥን ብቻ ነበረች፤ እሷንም በሚካኤል አስምሏታል።

ፍልሰታ ገባ። አንጓች ዳንኩ ብላ የተሳለችው ስለት ነበረባት፦ ፀሐይ እስክትጠልቅ ውሃ አትቀምስም፣ ማታም ጨው ያልነካው ጥሬ። ማሯን ግን ትልሳለች፤ ምን ታውቃለች?

እጇ ተንቀጠቀጠ። ድሩ ተበጣጠሰ። እንደ ሰከረ ሰው ተንገዳገደች፣ አስመለሳት፣ አንደበቷ ተሳሰረ። ዋሴ፣ «ሕመሙ ተነሣባት!» ብሎ ማሩ ላይ ሌላ ክኒን ሊጨምር ሲል ምጥን መሐላዋን አፍርሳ ብልቃጡን ነጠቀችው።

«ውሃ ከተወች ወዲህ ነው የባሰባት፣ አንተ ድንጋይ! ሐኪሙ ምን ነበር ያለህ?»

አንጓችን ታንኳ ላይ አሳፍራ፣ እየቀዘፈች፣ የማሩን ነገር አንድ ሳታስቀር ነገረቻት። ሆስፒታል ሲደርሱ መድኃኒቱ ደሟ ውስጥ ተጠራቅሞ መርዝ ሆኗል። ክኒኑን አቁመው በደም ሥሯ ውሃ ሰጧት፤ ተረፈች። ስለቷ ግን ሳትጠየቅ ፈረሰ። ምጥንም ብትሆን ክረምቱን ሙሉ አፏን ዘግታ ከርማለች።

ኋላ ክኒኑ ተቀንሶ፣ ለራሷ ለአንጓች ተነግሯት፣ በገዛ እጇ ዋጠችው። እጇ ጥቂት ይንቀጠቀጣል፤ ፈትሏም ቋጠሮ ያበጃል። ሐይቁ ውሃ ብቻ ሆነ። አንዳንዴ ዳር ቆማ ጆሮዋን ትጥላለች፤ ምንም የለም።

በዚያ አገር ከጠና ሕመም የተነሣች ፈታይ የመጀመሪያ ነጠላዋን ለመለሳት ሰው ታለብሳለች። የለበሰው እንደ ወላጅ ነው፤ ዳግመኛ ብትታመም ስለ እሷ ወስኖ ቃል የሚሰጠው እሱ ነው። ነጠላው ተሸምኖ ባለቀ ዕለት ሦስቱም መጡ።

«ባላስርሽ የዓሣ ቀለብ ነበርሽ» አለ ደምመላሽ።

«ባላልስሽ ይኸው ሰውዬ መልሶ ያስርሽ ነበር» አለ ዋሴ።

«ባልናገር ሁለታችሁም ለቅሶ ተቀምጣችሁ ነበር» አለች ምጥን።

«እኔንስ ማን ጠየቀኝ?» አለች አንጓች። ሦስቱ ግን ክርክራቸውን ቀጠሉ።

በማግስቱ ጠዋት ነጠላውን ራሷ አጣፍታ ወጣች። «ደሜን ላስመረምር መሄዴ ነው። እስክመለስ ተስማሙ» አለቻቸውና ታንኳው ላይ ተቀመጠች።

እንግዲህ ፍረዱ። «ለራሷ ነዋ!» ብላችሁ አትገላገሉ፤ ሐይቁ ዳግም የጠራት ዕለት አንገቷ ድረስ የምትገባው እሷው ናት። ያን ዕለት ስለ አንጓች ይናገር ዘንድ ነጠላው ለማን ይገባል? ላሰራት፣ ላታለላት፣ ወይስ አውቃ ዝም ላለቻት?