ጉማጁን አታንድዱት

እናንተ ወሬ የምትወዱ፣ እስቲ ጠጋ በሉ። ይህ ራቁቱን የቀረ ኮረብታ ደን ለብሶ፣ በቀትር እንኳ ጅብ በሚያስፈራበት ዘመን ነው። በጽድ አምባ ጓንጉል የሚሉት ቤት ሠሪ ነበረ። ያለ እሱ እጅ ቤት አይቆምም ይባል ነበር። ይህን እሱም ያውቃል፤ አረማመዱ ራሱ ይናገር ነበር።

ጓንጉል ቀጥ ያለ ረጅም እንጨት ካልሆነ አይነካም። ይለካል፣ ይቆርጣል፣ ጉማጁን ይጥላል። ባዬ የሚሉት ድሃ ጭቃ አቡኪ ደግሞ ከኋላው እየተከተለ የተጣለውን ይለቅማል። ጓንጉልም «ትራፊ ለቃሚ» እያለ ይስቅበት ነበር።

አንድ ዓመት ባዬ አጭሩን ካጭሩ በልጥ እያሰረ ለአንዲት ባልቴት ጎጆ ሠራላት። ለአንድ ቤት የሚቆረጠው ዛፍ እኩሌታው እንኳ አልተቆረጠም። አገሩ ጉድ አለ። ጓንጉል ሊያይ ሄደ። ሰው እንዳያየው ዞር ዞር ብሎ ግድግዳውን በትከሻው ገፋው። ግድግዳው አልነቃነቅ አለ። ያኔ ሆዱ ቆሰለ። ቅናት እንቅልፍ ነሳው።

ከዚያ ወዲህ ጉማጁን መጣል ተወና ያነድደው ጀመር። ባዬ እንዳይለቅም ነዋ! ባዬ መጣ፣ አመዱን አየ። ወንዝ ወረደና ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥረውን ድንጋይ ተሸክሞ ወጣ። ግድግዳውን እስከ ወገብ በድንጋይ ገነባ። ከወገብ በላይ የሚቆመው እንጨት እንግዲህ አጭር ቢሆንም ይበቃል። ከድንጋዩም የተነሳ ምስጥ አይወጣበትም። ምቀኛ አታሳጣኝ የሚባለው ያለ ነገር አይደለም። ሰው ሁሉ ወደ ባዬ ጎረፈ፤ የጓንጉል ዓይን ደም ለበሰ።

ቀጥሎ ጓንጉል ምን አደረገ? ሁለት ጥማድ በሬ ሰጥቶ ደኑን ጠቅልሎ ገዛ። አስቆርጦ በግቢው ከመረው። እንጨት ሲጠፋ የት ይደርሳሉ፣ እግሬ ላይ ይወድቃሉ ብሎ ነው። ለአንድ ምሰሶ አንድ ጊደር ጠየቀ። ሰዉ ዋጋውን ሰማ፣ ሳቀ፣ ለላዩ ከአሮጌ ቤቱ የሚነቀለው አጭር እንጨት ይበቃዋልና ድንጋይ ሊሸከም ወንዝ ወረደ። ክምሩ መሬት ላይ እንደተጋደመ ክረምት መጣ፣ ሌላ ክረምት መጣ። ጓንጉል ጠዋት ጠዋት ደጁ ቆሞ የሚያየው ክምሩን አልነበረም፤ የባዬን ደጅ ነበር። ቅናት እንዲህ ነው፣ የሰውን እያሳየ የራስን ያስበላል። ምስጡ በስር በስር ሥራውን ይሠራ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት የጓንጉል ልጅ ሊያገባ ሆነ። ሙሽራ የምትገባበት ጎጆ ካልቆመ የሴቷ ወገን ልጅቷን ይዞ ይመለሳል፤ ውርደቱም ለሰባት ትውልድ ይተርፋል። ጓንጉል ክምሩን ገለጠ። እንጨቱ በእጁ ላይ አፈር ሆነ። ኮረብታውን አየ፤ አንድ ዛፍ የለም። ያስጨረሰውም እሱ ራሱ ነው። ሠርጉ ሃያ ቀን ቀርቶታል።

ሦስት ቀን ከራሱ ጋር ተሟገተ። ከባዬ ደጅ ከምቆም ብሞት ይሻለኛል አለ። ሆኖም ልጅ አለና በአራተኛው ቀን ሄዶ ቆመ፤ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ባዬ ከጓዳው ጀርባ ወሰደው። ጉማጁ በድንጋይ ላይ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በመጠን በመጠኑ ተደርድሮ ነበር።

«አያ ጓንጉል፣» አለ ባዬ፣ «ይህ እኮ የእርስዎ ነው። ማንደድ ሳይጀምሩ የጣሉት ነው። እኔ አስቀመጥኩት እንጂ መቼ የኔ ሆነና?»

ጓንጉል የራሱን የመጥረቢያ ምልክት አወቀው። ስድብ ቢሆን ይሻለው ነበር። ደግነቱ ራሱ አስቀናው።

ጎጆው በደቦ ቆመ፤ ሙሽራዋም ገባች። ጎጆው ካለቀ በኋላ ረዳቶቹ የተረፈውን ቁራጭ ወደ እሳት ሲወስዱ ጓንጉል እየሮጠ መጣ። «ጉማጁን አታንድዱት፤ ባዬ ያልፋል!» ብሎ ባዬ ሲያልፍ እንዲያነሳው በገዛ እጁ ከበሩ ላይ ከመረው።

እስከ ዛሬ በጽድ አምባ ቤት የጨረሰ ሰው ትራፊውን ከበሩ ላይ ለሚቀጥለው ሠሪ ይተዋል። ሰው እህልም ሆነ ቀን በከንቱ ሲያባክን ያየ ሽማግሌ «ባዬ ያልፋል» ይላል። ጓንጉል አርጅቶ ደጁ ተቀምጦ ይህን በሰማ ቁጥር «ያልኩት እኮ እኔ ነኝ!» ይል ነበር። ልክ ነው፣ ያለው እሱ ነው። ግን ማን ሰማው? ቃሉንም ባዬ ወሰደበት።