ያላጠፋው ጥፋተኛ

አንድ ጊዜ፣ የዱር እንስሳትና የቤት እንስሳት ገና ሳይኮራረፉ በነበረበት ዘመን፣ ሁሉም ተባብረው ከወንዙ ማዶ አንድ ትምህርት ቤት ሠሩ። አራት መማሪያ ክፍል፣ አንድ ወጥ ቤት፣ አንድ ዕቃ ቤትና አንድ የርዕሰ መምህር ቢሮ ነበረው። በየክፍሉ አምፖል ተንጠልጥሏል። ወጥ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ፍም የሚመስል የኤሌክትሪክ ምድጃ አለ።

መብራቱ ከየት ይመጣል ካላችሁ፣ ከድንጋይ ነው። በግቢው መሀል ረጅም ማማ ቆሟል፤ ከማማው ጫፍም አንድ ትልቅ ድንጋይ በወፍራም ገመድ ተንጠልጥሏል። ድንጋዩ በዝግታ ወደ ታች ሲወርድ መዘውር ያዞራል፤ መዘውሩም መብራት ይሰጣል። አንድ አምፖል ብቻ ሲበራ ድንጋዩ እንደ ቀንድ አውጣ ይሳባል። ብዙ ሲበራ ይፈጥናል። ምድጃው ሲጨመርበትማ ቁልቁል ይንደረደራል። መሬት ከነካ በኋላ አንድም ነገር አይበራም። ያን ጊዜ እመት አህያ ገመዱን በትከሻዋ አስራ፣ ማማውን መቶ ጊዜ ዞራ፣ ድንጋዩን ወደ ላይ ትመልሰዋለች። ለእያንዳንዱ ማውጣት ከትምህርት ቤቱ ጎተራ አንድ ቁና ገብስ ይሰፈርላታል። ከዚያ የተረፈው ገብስ በጠመኔና በደብተር ይለወጣል።

እመት አህያ ግን ሥራውን የያዘችው ለገብሱ ብላ አልነበረም። ርዕሰ መምህሩ አያ አንበሶ ሲቀጥራት እንዲህ ብላው ነበር፤

«ጌታዬ፣ ድንጋዩን ጠዋት አንዴ አወጣለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን የጎልማሶች ክፍል ገብቼ ፊደል ልቁጠር።»

«ለምን አስፈለገሽ?» አለ አንበሳ።

«አገሩ ሁሉ ያላወቀውን በእኔ ስም ነው የሚሰድበው። ስሜን ራሴ ጽፌ አንድ ቀን ልየው እስቲ።»

አንበሳ ሳቀና ፈቀደላት። መምህሯ እመት ፍየል ነበረች፤ ጢሟ የተበጠረ፣ ሰዓት የምታከብር፣ በግቢው ሁሉ የተከበረች። አህያ በእርሷ ሥር «ሀ» ብላ ጀምራ «ነ» ላይ ደረሰች። ስሟ የሚጀምርበት «አ» ሊደርስ አንድ ፊደል ብቻ ሲቀረው ግን ድንጋዩ ጠባዩ ተቀየረ። በቀን አንዴ ይወርድ የነበረው ሦስት ጊዜ መውረድ ጀመረ። ሦስተኛው ሁልጊዜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። እመት ፍየል ክፍል ውስጥ «አህያ!» ብላ ትጠራለች፤ የሚመልስ የለም። አህያ ውጭ ገመድ ላይ ናት። ፍየልም ቀይ እስክሪብቶዋን አንስታ በስም መጥሪያው ላይ «ቀሪ» ብላ ትጽፋለች። ደንቡ ደግሞ ሃያ ቀን የቀረ ፈተና አይቀመጥም ይላል። አህያ አሥራ ስምንት ቀን ቀርታለች።

ገብሱም ሄዶ ሄዶ ጎተራው ሊራቆት ደረሰ። ጠመኔ ካለቀ ሳምንት ስለሆነ መምህራኑ በከሰል ይጽፋሉ፤ ተማሪዎቹም ጠቁረው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።

አንድ ከሰዓት አያ አንበሶ በድምፅ ማጉያ ንግግር እያደረገ ሳለ ድንጋዩ «ድው!» ብሎ መሬት መታ። ድምፅ ማጉያውም አንዴ አቃስቶ ዝም አለ። የአንበሳ ጋማ ቆመ።

«ማነው ያጠፋው?» ብሎ አገሳ።

«እኔ አላጠፋሁም!» ብሎ መጀመሪያ የዘለለው የወጥ ቤቱ ኃላፊ አያ ጅቦ ነበር። «ጌታዬ ሙት፣ እዚህ ግቢ ከገባሁ አንድም ቀን አጥፍቼ አላውቅም!»

«እኔም አላጠፋሁም!» «እኔም!» «እኔም!» አሉ ሌሎቹ።

የዕቃ ቤቱ ኃላፊ እመት ቀበሮ ጅራቷን እያስተካከለች ተነሣች። «ጥፋተኛዋማ ቆማለች። አህያ ለግማ ነው። ድንጋዩን እስከ ጫፍ አታወጣውም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የዚህን እጥፍ የሚከብድ ድንጋይ እንግዛ። የአክስቴ ልጅ ይሸጣል። ለትምህርት ቤት መሆኑን ብነግረው በሃያ ቁና ይለቅልናል።»

«የእጥፉን ድንጋይ የሚያወጣው ማነው?» አለች አህያ።

«አንቺ ነሻ፣ እህቴ! ያን የመሰለ ትከሻ ለምን ተፈጠረ?»

ይህን ጊዜ እመት ፍየል ጢሟን ነቀነቀች። «ጌታዬ፣ ሌላ ድንጋይ ከመግዛትዎ በፊት ያለው ምን እንደሚበላው እንይ። እስከ ነገ ሰባት ሰዓት ጊዜ ይስጡኝ። ጥፋተኛውን በስሙ አመጣልዎታለሁ።»

«ሰጥቻለሁ» አለ አንበሳ። «ጥፋተኛው ከተገኘ ከሥራው ይባረራል። ካልተገኘ ድንጋዩ ይገዛል፤ አህያም ክፍል መግባቷን ትታ ገመዷን ትጎትታለች።»

በማግስቱ በዕረፍት ሰዓት ግቢው በሙሉ ኳስ ሜዳ ወረደ። ፍየልና አህያ ወረቀት ይዘው መዞር ጀመሩ። መጀመሪያ ወጥ ቤት ገቡ። ምድጃው ቀልቶ ይንቀለቀላል፤ ላዩ ላይ ግን ድስትም የለ፣ ምንም የለ። አያ ጅቦ አጠገቡ ተቀምጦ ባዶ ድስት ይልሳል።

«አያ ጅቦ፣ ንፍሮው መቼ በሰለ?» አለች ፍየል።

«ጠዋት በሰለ። ጠዋት ተበላ። በአብዛኛው በእኔ።»

«ታዲያ ምድጃው አሁን ምን ይሠራል?»

ጅብ ግራ ቀኙን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መምህርት፣ አንቺ የተማርሽ አይደለሽ እንዴ? በሩ ላይ የተለጠፈውን አላየሽም?»

በሩ ላይ በአንበሳ እጅ፣ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ማስታወቂያ ነበር፤ «በዚህ ግቢ ውስጥ ያጠፋ ይቀጣል!»

«ልጄ ነው ያነበበልኝ» አለ ጅብ። «በየሄድኩበት ስቀጣ ነው የኖርኩት። እዚህ ግን ምክር ሰምቻለሁ። ምድጃ አላጠፋ፣ አምፖል አላጠፋ። ሲነጋ እንዳበራሁ እስኪነጋ! እንደ እኔ ያለ ጨዋ የት ይገኛል?»

አህያ ጆሮዎቿ እስኪጋጩ ድረስ ሳቀች። ፍየል ግን ስሙን ጻፈች።

ቀጥለው ዕቃ ቤቱን ከፈቱ። በደብተር መደርደሪያው መካከል አንድ ሣጥን አለ፤ ከሣጥኑ በላይ ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለ አምፖል ይበራል፤ ሣጥኑ ውስጥ ጭድ ላይ አሥራ ሁለት እንቁላል ተደርድሯል። እመት ቀበሮ ከኳስ ሜዳው እያለከለከች ደረሰች።

«አትንኩት! ለሳይንስ ትምህርት ነው!»

«የማን እንቁላል ነው?»

«የሳይንስ።»

«ሲፈለፈሉስ?»

«በደንብ ይመረመራሉ» አለች ቀበሮ፣ ምራቋን እየዋጠች።

የእርሷም ስም ተጻፈ። ከዚያ ቢሮ ገቡ። አምፖሉ በርቷል፤ ድምፅ ማጉያውም ተከፍቶ «ዝዝዝ» ይላል። ባለቤቱ ግን ውጭ ዋርካ ሥር ተዘርሮ ያንኮራፋል።

«ይህንንም እንጽፈው?» አለች አህያ በሹክሹክታ።

ፍየል አሰበችና «እንጽፈው፤ ግን በትንንሽ ፊደል» አለች።

አሁን ፍየል ደስ ብሏታል። ሦስት ጥፋተኛ በአንድ ጠዋት! ጢሟን እያወዛወዘች ወረቀቱን ልታጥፍ ስትል አህያ የመጨረሻው በር ላይ ቆመች።

«ይህስ ክፍል?»

«ይህማ የእኔ ነው። መታየት አያስፈልገውም።»

«ለመቆጣጠር አይደለም፣ መምህርት። ካየሁት ቆየሁ። ሰሌዳውን አንዴ ልየው።»

ገቡ። በአራቱ መስኮት የገባው ፀሐይ ወለሉን አጥለቅልቆታል። አህያ ሰሌዳው ፊት ቆማ «ውይ፣ ‹አ› አለፈኝ?» ብላ ማቃሰት ጀመረች። ፍየል ወደ ጠረጴዛዋ ስትሄድ ቀንዶቿ መሀል ሙቀት ተሰማት። ቀና አለች። አምፖሉ ይበራል።

በዚያ ሁሉ ፀሐይ መካከል ብርሃኑ ከምንም አይቆጠርም፤ ሥሩ ያልቆመ አያየውም። ፍየል ትዝ አላት። አንድ ደመናማ ሰኞ ጠዋት አብርታው ነበር። ከዚያ ወዲህ ማን አጠፋው? ቀን፣ ሌሊት፣ ቅዳሜ፣ እሑድ ሲነድ ከርሟል። ስም መጥሪያውን ገለጠች። የመጀመሪያው «ቀሪ» የተጻፈው በዚያው ሰኞ ነው። አሥራ ስምንቱንም ቀይ ጽሕፈት የጻፈችው እዚሁ አምፖል ሥር ተቀምጣ ነው።

አህያ ጀርባዋን ሰጥታለች። ፍየል እጇን ሰደድ አድርጋ፣ ጠቅ! አጠፋችው።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች አህያ ሳትዞር።

«ምንም አይደለም። ጠመኔ ወድቆ ነው።»

አህያ አንድ ጆሮዋን ብቻ ወደ ኋላ አዞረች። 

ሰባት ሰዓት ሲሆን ሁሉም ማማው ሥር ተሰበሰቡ። ፍየል ወረቀቷን ማንበብ ያዘች። ቢሮው ላይ ስትደርስ አንበሳ ትንንሾቹን ፊደሎች በጎን አይቶ ጉሮሮውን ጠረገና «እሺ፣ ወደሚቀጥለው እለፊ» አለ። ስለ ዕቃ ቤቱ ስትጀምር ቀበሮ አላስጨረሰቻትም።

«ምን ያነታርከናል? ከሁሉም የሚበላው ምድጃው ነው! ጥፋተኛው ጅብ ነው!»

«ጅብ ነው! ጅብ ነው!» አለ ግቢው፤ ጅብ ሲሰደብ መቼም አጃቢ አይጠፋም።

«አያ ጅቦ፣ ጥፋተኛው ተገኝቷል። ዕቃህን ሰብስብ» አለ አንበሳ።

የጅብ አፍ ተከፈተ፤ እንባው ዱብ ዱብ አለ። «ምን አጠፋሁ፣ ጌታዬ? ምንም እንዳላጠፋ ምድጃውን ታቅፌ የከረምኩ እኔ!»

ፍየል ወረቀቱን እንደያዘች ቆመች። የእርሷ ክፍል ወረቀቱ ላይ የለም። ዝም ብትል ድንጋዩ አይገዛም፤ አህያም ክፍሏ ትመለሳለች፤ ከጅብ በቀር የሚጎዳ የለም። ለጅብ ደግሞ ማን ያለቅሳል? 

«ቆዩ» አለች። «እኔም አጥፍቻለሁ።»

«አንቺ? ምን አጠፋሽ?» አለ አንበሳ።

«አምፖል።»

«አምፖል ካጠፋሽማ ደግ አደረግሽ!»

«አይ ጌታዬ፣ አላጠፋሁትም። ባለማጥፋቴ ነው ያጠፋሁት።»

«ኧረ ጭንቅላቴ!» አለ ጅብ እንባውን እየጠረገ። «አጠፋች ወይስ አላጠፋችም? አንዱን ንገሩኝ!»

የሳቀ ሳቀ። ፍየል ግን ወደ አህያ ዞረች። «እመት አህያ፣ አንቺ እዚያ ገመድ ላይ ስትጎተቺ፣ እኔ ባንቺ ላብ በበራ አምፖል ሥር ቁጭ ብዬ ‹ቀሪ› ስልሽ ከረምኩ። ቅድም ሳጠፋው ስትሰሚኝም ጠመኔ ነው አልኩሽ። ዋሸሁሽ።»

ሳቁ ቆመ።

«አውቄያለሁ» አለች አህያ። «ጠመኔ ካለቀ ሳምንቱ አይደል? ምኑ ይወድቃል?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«መምህሬ ነሽ። ራስሽ ስትናገሪው ልስማ ብዬ ነው።»

ይህ ከሁሉ ያልተመቸው ለአንበሳ ነው። ጋማውን አከከ፣ መሬቱን አየ፣ በመጨረሻም «ያ... በትንንሽ ፊደል የተጻፈው... እስቲ ጮክ ብለሽ አንብቢው» አለ። ተነበበ። ከዚያ በኋላ ጅብን ለማባረር አፍ የቀረው ማንም አልነበረም። ይልቅ አንድ ደንብ ወጣ፤ ማንም በከንቱ ያነደደ፣ ያነደደውን ያህል ራሱ ገመድ ይጎትት።

በዚያው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፍየል ገመዱን በትከሻዋ አሰረች። ክፍሉን ሌላ መምህር ይዞላት፣ አህያ አንደኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ፍየል ከመውጣቷ በፊት ግን አሥራ ስምንቱን «ቀሪ» አንድ በአንድ ሠርዛ፣ ከጎናቸው የራሷን ስም ጽፋ ነበር።

በማግስቱ ተራው የጅብ ሆነ። ምድጃው እንደ ልማዱ ይነዳል። አሥር ዙር ሳይሞላው ጮኸ፤ «ወገን! ይህ ድንጋይ ወደ ታች ይጎትተኛል! ምድጃውን ማነው ያበራው?»

«አንተ ነህ!» አሉት።

«ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ? ሮጣችሁ አጥፉልኛ!»

ቀበሮ በተራዋ «እግሬን ወለም ብሎኛል» ብላ እያነከሰች መጣች። አንበሳም «ሦስት ደኅና እግር አለሽ፣ ይበቃል» አላት። እንቁላሎቹን ባለቤታቸው ዶሮ ወሰደቻቸው፤ ያለ አንዲት አምፖል ታቅፋ አሥራ ሁለቱንም ፈለፈለቻቸው።

ድንጋዩም እንደ ጥንቱ በቀን አንዴ ብቻ ይወርድ ጀመር። ጎተራው ውስጥ ገብስ ተጠራቀመ፤ ጠመኔ ተገዛ። በፈተናው ቀን እመት አህያ ነጭ ጠመኔ ይዛ ሰሌዳው ፊት ቆመችና «አህያ» ብላ ጻፈች። ወደ ኋላ ፈቀቅ ብላ አየችው።

«ሲጻፍ እንኳ ያምራል» አለች።

አንበሳ የበሩን ማስታወቂያ ያደሰው በእርሷ እጅ ነው። አህያ ፊደሏን አስተካክላ እንዲህ ጻፈችበት፤ «ሲወጣ ያላጠፋ፣ አጥፍቷል።» ጅብ ልጁን አሥር ጊዜ አስነበበውና አሰበበት።

ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ አያ አንበሶ ውጤት ሊያሳውቅ ድምፅ ማጉያውን ያዘ። ንግግሩ ረዘመ። በመሀል ድምፁ እልም አለ። ሁሉም ማማውን አየ፤ ድንጋዩ ጫፍ ላይ እንደተሰቀለ ነው።

«ማነው ያጠፋው?» አለ አንበሳ።

አያ ጅቦ ደረቱን ነፍቶ ከመሀል ብቅ አለ። «እኔ ነኝ፣ ጌታዬ! በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አጠፋሁ! ሰሚው ሁሉ ሲተኛ ጊዜ የጨረሱ መስሎኝ ነው። አሁን ልሸለም ወይስ ልቀጣ?»

የተኛውም ነቅቶ ሳቀ። አንበሳም ሳቀና ንግግሩን እዚያው ላይ ጨረሰ።

ከዚህ የምንማረው፣ እኛ ረስተን የተውነው መብራት ሁሉ የሌላው ትከሻ ላይ የሚከብድ ስለሆነ፣ ጥፋተኛ ፍለጋ ከመዞራችን በፊት የራሳችንን ክፍል ገብተን ማየትና ያገኘነውንም ሳንደብቅ መናገር እንዳለብን ነው።